ትንታ በትምህርት ቤት

ትን ሲለን ሁላችንም እንስላለን። ተማሪው መሳል፣ መናገርና መተንፈስ ሲያቅተው ግን ነገሩ የሞትና የሕይወት ነው። አየር ያጣ አንጎል ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ ሐኪም እስኪደርስ ልጁን የሚያድነው በአጠገቡ ያለው መምህር ወይም ጓደኛው ነው።

ስንውጥ አንዲት ትንሽ ክዳን የአየሩን ቧንቧ ትሸፍናለች። ልጅ እያኘከ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ ግን ቁራሹ በአየሩ መንገድ ሊገባ ይችላል።

በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው ፋው የራሃድ የመስኖ እርሻ ማእከል ናት፤ ኦቾሎኒም ይመረትባታል። በ1977 ዓ.ም. ከድርቅና ከጦርነት የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያ በመጠለያ ይኖሩ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ፣ እንደ አገራችን ገጠር ሁሉ፣ ታናናሾቹን የሚጠብቀው ተማሪው ነው። ኦቾሎኒና ቆሎ ደግሞ ለትልቁ መክሰስ ቢሆኑም ከ5 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አደገኞች ናቸው። ለተማሪ ያስተማርነው ቤቱ ይደርሳል።

መከላከያው ቀላል ነው፦ ተቀምጦ መብላት፣ አላምጦ መዋጥ፣ የእስክሪብቶ ክዳን በአፍ አለመያዝ። በክዳኑ ጫፍ ያለው ቀዳዳ የተሠራውም ቢታነቁበት አየር እንዲያሳልፍ ነው።

አደጋው ከደረሰ፦

1ኛ/ ልጁ የሚስል ከሆነ እንዲስል አበረታቱት። ውሃ አትስጡት፤ የማይታየውን ነገር በጣት አትፈልጉ።

2ኛ/ መሳል ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ ግርጌ 5 ጊዜ በኃይል ምቱት።

3ኛ/ ካልወጣ ከኋላው ቁሙ፤ ጭብጣችሁን ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረቱ አጥንት በታች አድርጋችሁ በሌላው እጅ ያዙት፤ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ።

4ኛ/ ራሱን ከሳተ በጀርባው አስተኙት፤ ርዳታ አስጠሩ፤ ደረቱን መጫን ጀምሩ። በአፉ ውስጥ የሚታይ ነገር ካለ አውጡ።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሆድ መጫን ክልክል ነው፤ በክንድ ላይ በግንባሩ አስተኝቶ ጀርባውን 5 ጊዜ መምታት፣ ገልብጦም ደረቱን 5 ጊዜ መጫን ነው።

ሆዱ የተጫነ ልጅ ቢድንም በሐኪም ይታይ፤ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና።

የባዮሎጂ መምህር የመተንፈሻ አካላትን ሲያስተምር 10 ደቂቃ ለዚህ ቢመድብ መልካም ነው። በልምምድ ጊዜ ግን የእጁን አቀማመጥ ብቻ ያሳይ እንጂ ጤነኛ ተማሪ አይጫን።