ከቤይሩት የድንኳን ትምህርት ቤቶች ጀርባ ያሉ ሰዎች

ቤይሩት ሲባል አብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ትዝ የሚሉን በሰው ቤት ለመሥራት የሄዱ እህቶቻችን ናቸው። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው መሄዳቸውን አንረሳም። ዛሬ ስለዚያችው ከተማ ሌላ ገጽታ ስናወራ ይህንን ወደ ጎን ትተን አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ1866 በአሜሪካውያን ሚሲዮናውያን የተመሠረተ ነው። ዛሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ድሩዙም አብሮ ይማርበታል። በ2008 በግቢው ውስጥ የሲቪክ ተሳትፎና የማኅበረሰብ አገልግሎት ማዕከል ተቋቋመ። ስሙ ረጅም ነው፤ ጥያቄው ግን አጭር ነው፦ የተማረ ሰው ከግቢው አጥር ውጭ ላለው ጎረቤቱ ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄው በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የተወለደ አይደለም። በ2006 ክረምት በእስራኤልና በሒዝቡላህ መካከል ለ34 ቀናት የተካሄደው ጦርነት በሊባኖስ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ገደለ፤ የደቡብ መንደሮችንና የቤይሩትን ደቡባዊ ሰፈሮችም አፈራረሰ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ በሰሜን ባለው የነህር አል-ባሪድ የፍልስጤማውያን መጠለያ በሊባኖስ ጦርና በአንድ የታጠቀ ቡድን መካከል ውጊያ ተነስቶ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎች ተፈናቀሉ። የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ፍርስራሹ መሀል የገቡት ያኔ ነው። አርክቴክቱ ረቢዕ ሺብሊ ከ2006ቱ ጦርነት በኋላ «በይት ቢል ጀኑብ» (ቤት በደቡብ) የተባለ ድርጅት አቋቁመው ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች መልሶ በመገንባት ሲረዱ ቆይተዋል። የማዕከሉ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆኑት ደግሞ የሲቪል ምህንድስና መምህሩ ፕሮፌሰር ሙኒር መብሱት ናቸው። ኋላ ላይ ኃላፊነቱ ወደ ሺብሊ ተሸጋግሯል።

ልብ እንበል፤ ሁለቱም ስለ ሥነ ምግባር መጽሐፍ የሚጽፉ ፈላስፎች አይደሉም። ብረትና ሲሚንቶ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኛን የሳበንም ይኸው ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከሶርያ ነው። በሚያዝያ 2014 በሊባኖስ የተመዘገቡ ሶርያውያን ስደተኞች ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ፤ ያውም የአገሩ የራሱ ሕዝብ አራት ሚሊዮን ገደማ በሆነባት ሊባኖስ። የፍልስጤማውያንን ታሪክ የሚያስታውሰው መንግሥት ለሶርያውያን መደበኛ የመጠለያ ካምፕ ለማቋቋም ፈቃደኛ አልሆነም። ስለዚህ ብዙዎቹ በቢቃዕ ሸለቆ የእርሻ መሬት ተከራይተው በእንጨትና በፕላስቲክ ድንኳን ሠርተው ሰፈሩ። በድንኳኑ ሰፈር «ሻዊሽ» የሚባል አለቃ አለ፤ ለገበሬው ሠራተኛ የሚያቀርበው እሱ ነው። ከሠራተኞቹ መካከል ሕፃናት አሉ።

እነዚህ ልጆች ለምን ትምህርት ቤት አይሄዱም ቢባል መልሱ አንድ አይደለም። የሊባኖስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሶርያውያን የከሰዓት ፈረቃ ከፍተው ነበር፤ ግን ቦታው አይበቃም፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የመኪናው ዋጋ ከድሃ አባት አቅም በላይ ነው። በዚያ ላይ ሶርያ ውስጥ ሒሳብና ሳይንስ በዐረብኛ የተማረ ልጅ ሊባኖስ ሲደርስ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወደ ድንኳኑ መምጣት ነበረበት። ችግሩ ግን በዚያ መሬት ላይ ቋሚ ግንባታ አይፈቀድም። ባለ መሬቱም፣ ማዘጋጃ ቤቱም፣ መንግሥትም ኮንክሪት ካዩ ስደተኛው ተተከለ ብለው ይሰጋሉ።

ሺብሊና ባልደረቦቻቸው ለዚህ ያበጁት መልስ «ገጣ» ይባላል፤ በዐረብኛ ሽፋን ማለት ነው (ከእኛው ጋጣ ጋር እንዳይምታታ)። ተገጣጥሞ የሚቆም፣ ሲያስፈልግ ተፈትቶ ሌላ ቦታ የሚተከል፣ ከድንኳን በተሻለ የቢቃዕን በረዶና የበጋውን ሐሩር የሚችል ቀለል ያለ ክፍል ነው። በርካታ ገጣዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ትምህርት ቤት ይሆናሉ። በ2013 ከተመሠረተው ካያኒ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር በሸለቆው እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ማላላ ዩሱፍዛይ በሐምሌ 2015 አሥራ ስምንተኛ ልደቷን ያከበረችውም ቢቃዕ ውስጥ ካያኒ ለሶርያውያን ልጃገረዶች ያዘጋጀውን ትምህርት ቤት በመክፈት ነው።

አንድ ነገር አለመጥቀስ አይቻልም። ተፈትቶ የሚነሳ ትምህርት ቤት መሥራት የስደተኛውን ጊዜያዊነት መቀበል አይሆንም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተሳስቷል አንልም። ሕጉ እስኪለወጥ ቢጠበቅ ግን የሰባት ዓመቱ ልጅ ድንች እየለቀመ አሥራ አራት ይሞላዋል። የማዕከሉ ሰዎች ሁለቱን አመዛዝነው የመረጡት ልጁን ነው። ከቢሯቸው ሆነው ቢነድፉ ኖሮ ምናልባት ያማረ ሕንጻ ይነድፉ ነበር። ሕጉ ምን እንደሚከለክል፣ ባለ መሬቱ ምን እንደሚፈራ፣ እናትየዋ ልጇን የት ድረስ እንደምትልክ ያወቁት ግን ቦታው ድረስ ወርደው ነው።

ይህን ስንጽፍ የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ዘመን ትዝ አለን። አንድ ዓመት ለዒድ በጀመዓችን ልብስ አሰባስበን ከግቢው ብዙም ወደማይርቅ የገጠር ቀበሌ ወሰድን። ሰዎቹ ተቀበሉን፣ ቡና አፈሉልን፣ ዱዓ አደረጉልን፤ እኛም ደስ ብሎን ተመለስን። ከወራት በኋላ አንድ የአካባቢው ተወላጅ ሲያጫውተን የቀበሌው የውኃ የእጅ ፓምፕ በዚያን ጊዜ ተበላሽቶ እንደነበር፣ ሴቶቹም ውኃ ፍለጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጓዙ እንደነበር ነገረን። ለምን አልነገራችሁንም ስንለው፣ «አልጠየቃችሁንማ» አለ። ያን ቀን ልብስ ይዘን ከሄድነው መካከል አራቱ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ነበሩ።