ሰኔና ሰኞ፦ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገርንበት ቀን

በቁንዝላ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ



ዛሬ ከባሕር ዳር ተነሥተን በመራዊና በዱርቤቴ በኩል ወደዚህ ስንመጣ ሾፌራችን መንገዱን ሙሉ ቀኙን ይዞ ነድቷል። ከመካከላችን ይህን ልብ ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልብ የምንለው ቢሳሳት ኖሮ ብቻ ነበር። ይኸው ሾፌር ግን ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ ቢገባ ግራውን ይዞ መንዳት ግዴታው ይሆናል። መንገዱም፣ መኪናውም፣ ሰውየውም ያው ሆነው ሳለ በዚያኛው ማዶ ትክክል የሆነው በዚህኛው ማዶ ሰው የሚገድል ስሕተት ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህ ልዩነት ከወዴት እንደ መጣና እኛን እንዴት እንደ ነካን የሚያስረዳ ነው።

ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ቀኙን ይዞ በሚነዳበት አገር ይኖራል። የቀረው ግራውን ይይዛል፤ ብሪታንያና ብዙዎቹ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ፣ ከጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ራቅ ሲል ዩጋንዳና ታንዛንያ፣ እንዲሁም በማንም ቅኝ ያልተገዙት ጃፓንና ታይላንድ። ስለዚህ «ግራ የእንግሊዝ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

የልዩነቱን መነሻ ሲጠየቁ ብዙዎች ሰይፍን ያነሣሉ። ሰው በአብዛኛው ቀኝ እጁን የሚጠቀም በመሆኑ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው መንገደኛ በሰይፍ እጁ በኩል እንዲያልፍ ግራውን ይዞ ይሄድ ነበር ይላሉ። ሰገባው በግራ ወገብ ስለሚንጠለጠልም ግራውን የያዙ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ ሰገባቸው አይጋጭም ብለው ይጨምራሉ። ይህን ማስረጃ ወደ አገራችን ስናመጣው ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በአገራችን ልማድ ሰይፍ የሚታጠቀው በቀኝ ወገብ ነበር። እንግዲህ የእጁን ምክንያት ብንከተል አባቶቻችን ግራውን መያዝ ነበረባቸው፤ የሰገባውን ምክንያት ብንከተል ደግሞ ቀኙን። አንዱ ማስረጃ በአንድ አገር ሁለት ተቃራኒ መልስ ከሰጠ እንደ ጥሩ ተረት ልንሰማው እንችላለን፤ ሕግ ልናደርገው ግን አይገባም።

የጋሪው ማብራሪያ የተሻለ ይመስለኛል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይና በአሜሪካ ብዙ ፈረስ የሚስበው ትልቅ የጭነት ጋሪ የነጂ መቀመጫ አልነበረውም። ነጂው ከኋለኞቹ ፈረሶች በግራው ላይ ይቀመጣል፤ ጅራፍ የሚይዘው ቀኝ እጁ ሁሉንም እንዲደርስባቸው ነው። በግራ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከፊቱ የሚመጣው ጋሪ በግራው በኩል እንዲያልፍ ይፈልጋል፤ መንኰራኵሮቹ እንዳይነካኩ ቁልቁል ማየት ይችላልና። ስለዚህ ቀኙን ያዘ። በብሪታንያ ግን ነጂው በጋሪው ላይ ስለሚቀመጥ ይህ ግፊት አልደረሰበትም፤ የግራው ልማድ ቀጥሎ በ1835 እ.ኤ.አ. በወጣው የመንገድ ሕግ ጸና።

ሁለቱም ማብራሪያዎች የሚነግሩን ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ነው። ከጀመረ በኋላ ለምን እንደ ቀጠለ ለማወቅ ግን ታሪክ አያስፈልገንም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሉዊስ በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ልማዳዊ ስምምነት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን ነገር ተንትኗል። ቀኝ ከግራ አይበልጥም፤ ግራም ከቀኝ። እኔ ቀኙን የምይዘው አንተ ቀኙን እንደምትይዝ ስለማምን ነው፤ አንተም የምትይዘው እኔ እንደምይዝ ስለምታምን ነው። ከዚህ ሌላ ምሰሶ የለውም። ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን ሊያናጋው አይችልም፤ የሞከረ ይሞታል።

ወደ አገራችን ልምጣ። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲያደርስ የግራና የቀኝ ጥያቄ አልነበረም፤ የሚተላለፈው ሌላ መኪና የለምና። መኪናው ሲበዛ ጥያቄው መጣ፤ ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ግራውን ይዛ ነዳች። ወደ ቀኝ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 8 ቀን 1964።

ባሕረ ሐሳብ የምታውቁ እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እለምናለሁ። የ1956 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ከዚያ ሁለት መቶ ሰባ ቀን ቍጠሩ፤ ሰኔ 1 ሰኞ ይውላል። ሰኔና ሰኞ! በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ የሚገጥመውን፣ አያቶቻችን የመከራ ምልክት ያደረጉትን ቀን ነው አገሪቱ መኪኖቿን ሁሉ ከመንገዱ አንድ ወገን ወደ ሌላው ያዛወረችበት። ቀኑን የመረጡት ሰዎች የወሩን መጀመሪያና የሳምንቱን መጀመሪያ አጋጥመው ሥራ የሚያቀሉ መስሏቸው ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። እኔ ከዚያ በኋላ የተወለድሁ በመሆኔ የቀኑን ድባብ አላየሁም፤ ነገር ግን በዚያ ጧት መሪ የጨበጠ ሾፌር ቀኑን ሳያስታውስ የወጣ አይመስለኝም።

ቋንቋችን ግን ከለውጡ ጋር ነበረ። «በቀኝ አውለን» ብለን እንመርቃለን፤ የተነጫነጨውን ሰው «በግራ ጎኑ ተነሥቷል» እንላለን፤ ነገሩ ሲጠፋን «ግራ ገባን» እንላለን። በማዕረግም ቀኝአዝማች ከግራአዝማች ይበልጣል።

ለውጡ ያስከተለው አንድ ነገር ለዚህ ለእኛ አካባቢ ቅርብ ነው። ሱዳን ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው በ1965 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መተማ ላይ ድንበሩን የሚሻገር የጭነት መኪና ዛሬ በሞያሌ እንደሚሆነው ወገን ይቀይር ነበር። ዛሬ በመተማ የሚያልፍ ሰው ይህን የሚያስታውስበት ምንም ምልክት አያገኝም።

የመሪውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። መሪ ወደ መንገዱ መካከል ባለው ወገን መሆን አለበት፤ ለመቅደም የሚወጣ ሾፌር ከፊት የሚመጣውን ማየት አለበትና ይባላል። ጣሊያኖች ግን ቀኙን ይዘው እየነዱ የከባድ መኪኖቻቸውን መሪ ለብዙ ዘመን በቀኝ አደረጉ። ምክንያቱ ተራራ ነው፤ በጠባብ የአልፕስ መንገድ የሚያስፈራው የገደሉ አፋፍ እንጂ ከፊት የሚመጣው መኪና አይደለም፤ ሾፌሩ ጎማው ከጠርዙ ምን ያህል እንደራቀ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። እኛ «ትሬንታ ኳትሮ» የምንለው ፊያትም መሪው በቀኝ ነበር። ሊማሊሞን የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

ከኛ ሦስት ዓመት ዘግይታ ስዊድን ተሻገረች፤ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ እሑድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ። የዓለም ጋዜጦች እስከ ዛሬ የሚያወሱት የእነርሱን ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ ሰማንያ ሦስቱ «አንፈልግም» ብለው ነበር፤ መንግሥት ግን ጎረቤቶቹ ኖርዌይና ፊንላንድ ቀኝ በመሆናቸው፣ የስዊድናውያንም መኪኖች አብዛኞቹ መሪያቸው በግራ በመሆኑ ገፋበት። በመጀመሪያዎቹ ወራት አደጋ ቀነሰ፤ ሁሉም ፈርቶ ይነዳ ነበርና። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሳሞአ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ጳጉሜን ከቀኝ ወደ ግራ ተሻገረች፤ ርካሽ መኪና ከኒው ዚላንድ፣ ከአውስትራልያና ከጃፓን ለማስገባት። አገር ወገን የሚመርጠው በጎረቤትና በገበያ ነው።

ገበያው እኛንም አልተወንም። ለጃፓን መንገድ ተሠርተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ መኪኖች በየከተማችን አሉ። መሪው መዛወሩ ይታያል፤ መብራቱ ግን አይታይም። የመኪና አጭር መብራት ሁለቱን ወገን እኩል አያበራም፤ ወደ መንገዱ ጠርዝ ረዘም፣ ወደ ተቃራኒው ሾፌር ደግሞ ዝቅ እንዲል ይሠራል። ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት በቀኝ መንገድ ሲነዳ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ እግረኛው የሚሄድበትን ጠርዝ ደግሞ በጨለማ ይተዋል። መካኒክ የሆናችሁ ወይም የምትሆኑ፣ መሪውን አይታችሁ መብራቱን አትርሱ።

ወደ እግረኛው አደረሰኝ፤ ለዚህ ርእስ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። መኪና ቀኙን በሚይዝበት አገር እግረኛ ግራውን መያዝ አለበት፤ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እንዲያየው። ሰኔ 1 ቀን 1956 መኪናው ወገን ሲቀይር በሎጂክ እግረኛውም በተቃራኒው መቀየር ነበረበት። ሾፌር መንጃ ፈቃድ ስላለው ደንቡን መንገር ይቻላል። ነጠላዋን ተከናንባ እንስራ ያዘለችውን እናት፣ አህያውን እየነዳ ከገበያ የሚመለሰውን ገበሬ ማን ነገራቸው? ዛሬ ስንመጣ ከዱርቤቴ ወዲህ ያየናቸው መንገደኞች አብዛኞቹ ቀኙን ይዘው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ይሄዱ ነበር። ቀኝ መልካም ወገን ነው ብሎ ያሳደገን ቋንቋ ራሱ እዚህ ላይ ሳያሳስታቸው አልቀረም። ሉዊስ ያለው ስምምነት የሚቆመው ሁሉም ሁሉን ሲያውቅ ነው። በገጠር መንገዳችን ግን ግማሹን ያወቀው መኪና ያለው ብቻ ነው፤ የሚሞተው ደግሞ ሌላኛው ነው። የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ለማኅበረሰብ አገልግሎት ርእስ ሲጠይቁኝ ይህን የምሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚፈልገው አንድ ቅዳሜ፣ አንድ መንገድ ዳርና ትዕግሥት ነው። አህያው ከባለቤቱ ጋር በየትኛው ወገን ይሁን የሚለውን ግን ገበሬዎቹን ጠይቃችሁ እንድትመለሱ እፈልጋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።

ስለ ሐይቁ አንድ ቃል ላክል። በዓለም አቀፉ የባሕር ደንብ በሞተር የሚሄዱ ሁለት መርከቦች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ያዘነብላሉ። በእንግሊዝም፣ በጃፓንም፣ በየትኛውም ባሕር ያው ነው። መርከብ ከወደብ ወደብ ስለሚዞር እያንዳንዱ አገር የራሱን ወገን ቢይዝ አንድም አይተርፍምና።  የደንገል ታንኳ ግን እንዴት እንደሚተላለፍ እኔም ገና ልጠይቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ወደ ዳርቻው ስለምንወርድ ታንኰኞቹን በዚያ እናገኛቸዋለን።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።