የወር ኮንትራት ምግብ ያዋጣል?

ልጅዎ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት «ነን ካፌ» መሆን ፈልጋለች እንበል። ከግቢው በር ያለ ምግብ ቤት ደግሞ የወሩን ኮንትራት በቅድሚያ ይጠይቃል። ይክፈሉ?

በቀን ሦስቴ ከሆነ በወር 90 ጊዜ መብላት ነው። ለምሳሌ 4,500 ብር ቢሉዎት፣ አንዱ 50 ብር ይመጣል። ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ቁርሱ በእንቅልፍ ያልፋል (የተማሪ ነገር!)፣ እሑድ ከጓደኛ ጋር ውጭ ይበላል። 60ውን ብቻ ከበላች፣ አንዱ 75 ብር ሆነ። ለጠፋው ቁርስ ከገበያ ሙዝ ገዝታ ብትበላ ይሻላል።

ስለ ጾሙም አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ ሥጋው በሽሮ ሲተካ ሒሳቡ ይቀንሳል? ያልተበላውስ ለሚቀጥለው ወር ይዞራል?

ዩኒቨርሲቲው ሚዛንም ቴፒም ግቢ ስላለው፣ የት እንደምትማር ሳይለይ ብር አይላኩ። እኔ ብሆን ለመጀመሪያው የ15 ቀኑን ብቻ፣ ያውም ምሳና እራቱን፣ እከፍላለሁ።