ከመስኮት ወደ ጀልባ፦ አሉሚኒየም ለሚበይድ ጀማሪ

ላሊበላ ከተማ ውስጥ አሉሚኒየም ማለት መስኮት ነው። ወጣቶቹ ፕሮፋይሉን ይቆርጣሉ፣ በብሎን ያያይዛሉ፣ ጎማውን አልብሰው መስተዋቱን ይገጥማሉ። ወጥ ቤት ከገባን ደግሞ ድስት ነው። ጀልባ ግን የለም፤ ለምን ይኖራል? ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ «ዮርዳኖስ» የተባለው ወንዟም ጀልባ አያንሳፍፍም። ነገር ግን ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ ቁልቁል ሲወርድ 188 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ ያቆመዋል። ከግድቡ ኋላ የተኛው ውኃ ለዋግ ኽምራ ሰው ዓሣ ማስገሪያ ሆኗል። ወደ ደቡብ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ፣ ወደ ምዕራብ ጣና አለ። መስኮት የሚሠራ የላስታ ልጅ «ጀልባስ ብሞክር?» ቢል አያስቅም። ምን አንብቦ ይጀምር ነው ጥያቄው።

ከመጽሐፍ በፊት ላሜራው ላይ የታተመው ቁጥር ይነበብ። የመስኮት ፕሮፋይል አብዛኛውን ጊዜ 6063 የሚባለው ቅይጥ ነው። ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ ስለሆነ፣ ሲበየድ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያለው ክፍል የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። መስኮትን ማዕበል አይመታውምና እዚያ ችግር የለም። ለጀልባ አካል የሚመረጡት 5083፣ 5086 እና 5052 ናቸው፤ ማግኒዥየም የተቀላቀለባቸው፣ ከተበየዱ በኋላም አቅማቸውን በብዛት የሚይዙ፣ ውኃን የሚችሉ። ቁጥር የሌለውን ላሜራ ሻጩ ምንም ቢምልበት አይግዙ። ከሞተር ስብርባሪ ቀልጦ የተሠራማ ለድስት ይሁን።

ቀጥሎ የብየዳ ንባብ ይመጣል፤ ጀማሪ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ብረት በኤሌክትሮድ ሲበይድ የኖረ እጅ አሉሚኒየም ላይ ይታለላል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ቆዳው ሳይቀልጥ ሥጋው ይፈሳል ማለት ነው። ብረት ሲግል ቀልቶ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም መልኩን ሳይለውጥ ድንገት ይበሳል። ስለዚህ ቦታው በአሴቶን ይጠረጋል፣ ሌላ ብረት ነክቶ በማያውቅ የስቴንለስ ብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ሳይውል ሳያድር በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ ይበየዳል። የደጋ ንፋስ ደግሞ አርጎኑን ጠርጎ ይወስደዋል። ደጅ የተበየደ ስፌት ውስጡ ዓይን ያወጣል፤ ዓይን እንጀራ ላይ ያምራል፣ ጀልባ ላይ ያሰጥማል።

መጽሐፍ ለሚሻ፣ ስቲቨን ፖላርድ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው «ቦትቢልዲንግ ዊዝ አሉሚነም» ለአማተርና ለአነስተኛ ወርክሾፕ የተጻፈ ነው። የላሜራውን ውፍረትና የጀልባውን አጥንቶች ርቀት ለማስላት የዴቭ ገር «ዘ ኤለመንትስ ኦፍ ቦት ስትሬንግዝ» ይጠቅማል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያሳተማቸው የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ንድፎች ደግሞ በነፃ ይገኛሉ። ጠፍጣፋ ሆድ ያላቸውን የሚያሳየው ቅጽ ስለ እንጨት ቢሆንም ቅርጽና ልክ ያስተምራል። ሁሉም በእንግሊዝኛ መሆናቸው ቅር ያሰኛል። ስለ ጨው ውኃ የሚያትቱትን ምዕራፎች ጣናና ተከዜ ላይ ለሚሠራ ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ስለ መዳብ ያለውን ግን አይዝለሉ። እርጥብ የጀልባ ሆድ ውስጥ ወድቆ የቀረ የመዳብ ሽቦ ወይም የናስ ብሎን ላሜራውን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

በመጻሕፍቱ ሥዕሎች ላይ ጀልባው ተገልብጦ፣ ሆዱ ወደ ሰማይ ሆኖ ሲሠራ ያያሉ። የላሊበላ ሰው ይህ አይገርመውም፤ የእሱም አብያተ ክርስቲያናት ከጣሪያ ተጀምረው ነው ወደ መሠረት የወረዱት።

የቀረው ሒሳብ ነው። የ3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ላሜራ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ብረት ቢሆን 23 ኪሎ ተኩል። 4 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ40 ወርድ ያለው ሣጥን መሰል ጀልባ አንድ ሴንቲ ሜትር በጠለቀ ቁጥር 56 ኪሎ ይሸከማል፤ አንድ ቀጭን ሰው ማለት ነው። አፍንጫው ሾጠጥ ሲል ይህ ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታው ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ 15 የፈረስ ጉልበት ብለው የገዙት ሞተር እዚያ 12 አካባቢ ይሰጣል። ውኃ የሞላበት የአሉሚኒየም ጀልባ እንደ ደንገል ታንኳ አይንሳፈፍም፤ ከመቀመጫው ሥር የታሸገ የአየር ክፍል ያስፈልገዋል።

ስድስት ሰው ሊጭን ያሰበ፣ አስቀድሞ የስድስት ሰው ክብደት ያለው አሸዋ በጆንያ ጭኖ ጀልባውን ውኃው ላይ፣ ዳር አጠገብ ያሳድረው። ጠዋት ወለሉ ደረቅ ከሆነ፣ ያኔ ሰው ይግባበት።