እናቷን ያጣች የድመት ግልገል ስታገኙ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ዓይኗን ያልገለጠች ግልገል አግኝቼ የላም ወተት እየሰጠኋት ነው፤ ለምን ተቅማጥ ያዛት?» ምክንያቱ ራሱ ወተቱ ነው። የላም ወተት ከድመት ወተት ይልቅ ላክቶሱ ብዙ፣ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። በውሃ ማቅጠን ደግሞ ጭራሽ ያስርባታል።

ከማንሳታችሁ በፊት ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ እናትየው ምግብ ፍለጋ ሄዳ ይሆናል። ግልገሏ ከቀዘቀዘች ግን አትጠብቁ።

ከምግብ በፊት ሙቀት ይቀድማል። የቀዘቀዘች ግልገል ሆዷ ወተት አይፈጭም፤ ይህን ባለማወቅ ስንቶቹ በደግ ሰው እጅ ይሞታሉ! ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና አጠገቧ አድርጉ። ሙቀቱ ሲበዛባት ፈቀቅ የምትልበት ቦታም ይኑራት። አፏን ከውስጥ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከቀዘቀዘ አትመግቧት።

ከሁሉ የሚሻለው የምታጠባ ድመት ማግኘት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሌላዋን ልጅ ትቀበላለች። ካልተገኘች ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ስጧት። በሆዷ አስተኝታችሁ መግቧት። እንደ ሕፃን በጀርባዋ ካስተኛችኋት ወተቱ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ከበላች በኋላ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጥጥ ከጅራቷ ሥር ቀስ እያላችሁ እሹላት። እስከ 3 ሳምንት ገደማ በራሷ አትሸናም።

በየቀኑ መዝኗት፤ ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለባት። ከቀነሰች ወይም መጥባት ካቆመች በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት። ጥያቄ ያላችሁ ዕድሜዋንና ክብደቷን ጨምራችሁ ከታች ጻፉልኝ።