ያገለገለ ተጎታች የእንጨት መክተፊያ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት

በአዋሽ ሸለቆ፣ በበርበራ መንገድ ወይም በባሪንጎ ቆላ ከብት አሳድሮ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን እሾሃማ ዛፍ ማንም ሊያስተዋውቀው አያስፈልግም። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ ሶማሌዎች «ጋራንዋ»፣ ኬንያውያን «ማቴንጌ» ይሉታል፤ ባለሙያዎች ደግሞ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ። የግጦሽ መሬት ይወርራል፣ የውሃ መንገድ ይዘጋል፣ እሾሁ የእንስሳ ሰኮና እና የመኪና ጎማ ይበሳል።

ማቆያ ግቢ በጋራ የያዙ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «የተቆረጠውን ቅርንጫፍ የሚከትፍ፣ በፒክአፕ የሚጎተት ያገለገለ ማሽን ብንገዛ ያዋጣናል?» መልሴ «እንደ ማሽኑ ነው» የሚል ነው። ይህን የምለው አንድ ጊዜ ተሳስቼ ስላስገዛሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የነጋዴዎች ስብስብ ሲያማክረኝ ዋጋውንና የሰዓት ቆጣሪውን አይቼ «ግዙ» አልኩ። ማሽኑ በስድስተኛው ቀን የከበሮው ኩሽኔታ ተሰብሮ ቆመ። መለዋወጫው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተቆረጠው እሾህ ወደ ገንዳው የሚወስደውን መንገድ እንደዘጋ ቆየ፤ ውሃ በቦቴ ተገዛ። የማሽኑ ርካሽነት በቦቴው ሒሳብ አለቀ።

ሒሳቡን ከእንስሳው ይጀምሩ

ማሽን ሲቆም የሚከፈለው የጥገና ዋጋ ብቻ አይደለም። ለስሌት ያህል፣ ለአንድ ፍየል የቀን መኖና ውሃ 30 ብር ቢሆን፣ ግቢው ባለመጽዳቱ 200 ፍየሎች አምስት ቀን ቢዘገዩ 30,000 ብር ይሆናል። የክብደት መቀነሱና የመርከብ ቀን ማለፉ በዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሁለት ማሽኖች ሲያወዳድሩ የመግዣ ዋጋቸውን ብቻ ሳይሆን «ቢሰበር መለዋወጫው በስንት ቀን ይደርሰኛል?» የሚለውንም ያስቀምጡ። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ከመግዛት መከራየት፣ ወይም ከጎረቤት ማቆያ ጋር በጋራ መያዝ ይሻላል።

ዲስክ ወይስ ከበሮ?

ቢላዎቹ የታሰሩት በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ወይም በከበሮ ላይ ነው። ዲስኩ አሠራሩ ቀላል፣ ቢላውን ለመቀየርም የሚመች ሲሆን ቀጥ ያለ እንጨት ይወዳል። ከበሮው አፉ ሰፊ ከሆነ የተንሻፈፈና ብዙ ቅርንጫፍ ያለውን እንጨት በተሻለ ይጎትታል። የእኛ ዛፍ ጠማማና ባለ ብዙ ግንድ ስለሆነ ከበሮ ያመቻል፤ በአካባቢዎ የሚጠግነው መካኒክ ከሌለ ግን የምታውቁት ዲስክ ይበልጣል።

አምራቹ «እስከ 150 ሚሊሜትር ይከትፋል» ሲል ማሽኑ በሙሉ ጤንነቱ ሳለ ማለቱ ነው። የፕሮሶፒስ ግንድ ጠንካራ ነው፤ ያረጀ ማሽን ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። የዘወትር ሥራዎ 150 ሚሊሜትር ከሆነ ከዚያ ከፍ ያለውን ይፈልጉ። ወፍራሙን ግንድ ለማገዶና ለአጥር ምሰሶ መለየትም ማሽኑን ያሳርፋል።

ሲያዩት

ሳይነግሩ ቀድመው ይድረሱና ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ከጠበቀዎት ሻጩ በብርድ የማይነሳ መሆኑን ደብቆ ይሆናል። ሲነሳ ጭሱን ይዩ፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግራል። ራዲያተሩ በአቧራና በእንጨት ብናኝ ከተደፈነ በቆላ ሙቀት ሩቅ አይሄድም።

የሰዓት ቆጣሪ ይቀየራል፤ የብረት መበላት ግን አይደበቅም። የማስገቢያው ወለል ላሜራ ከሳሳ፣ የጎታች ሮለሩ ጥርስ ካለቀ፣ በከበሮው ቤት ላይ ተደራራቢ ብየዳ ካለ ማሽኑ ብዙ ሠርቷል።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ከተነቀለና የሚሽከረከረው ነገር ፈጽሞ ከቆመ በኋላ መካኒኩ ከበሮውን ወይም ዲስኩን በጥንቃቄ ያንቀሳቅሰው። ከተንገጫገጨ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። እኔ ያላየሁት ይህንን ነበር። ቢላው ለመሳል የቀረው ስፋት ስንት እንደሆነ፣ ቆሞ የሚቆርጥበት ተቃራኒ ብረት ጠርዙ መሽከርከሩን፣ ቺንጊያው መሰንጠቁን ይመልከቱ። የቢላው ቡሎን በተራ ቡሎን ተተክቶ ከሆነ ይተዉት፤ በፍጥነት የሚዞር ቢላ ሲነቀል ሰው ይገድላል።

እንጨቱን ይዘው ይሂዱ

ሻጩ ባዘጋጀው ለስላሳ ባሕር ዛፍ አይፈትኑ። ክንድ የሚያክል ደረቅ ፕሮሶፒስ ይዘው ይሂዱ። ፍርፋሪው እኩል ተቆርጦ ከወጣ መልካም ነው፤ እየተሰነጠቀና እየተንጨባረረ ከወጣ ቢላው ደንዝዟል ወይም ክፍተቱ ሰፍቷል። ብዙዎቹ ማሽኖች የሞተሩ ፍጥነት ሲወርድ ሮለሩን በራሳቸው የሚያቆም መቆጣጠሪያ አላቸው፤ መሥራቱን ይፈትሹ።

ከሁሉ በላይ በማስገቢያው አፍ ላይ ያለውን የማቆሚያ ዘንግ ይግፉት። ሮለሩ ወዲያው ካልቆመ አይግዙ። ሥራ ሲጀመርም ሽርጥ፣ የተንጠለጠለ ነጠላ ወይም በወገቡ የከብት ገመድ የታጠቀ ሰው ማሽኑ አጠገብ አይቁም። ሮለሩ ጨርቁን ሲይዝ ሰውየውን ይዞ ይገባል።

መንጠቆና ወረቀት

የአውሮፓ ተጎታች የሚያያዘው በ50 ሚሊሜትር ኳስ ነው፤ የአሜሪካው ባለ 2 ኢንች ማለትም 50.8 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ቢያንስም የአሜሪካው መያዣ በአውሮፓው ኳስ ላይ ስለሚላላ በኮረኮንች መንገድ ሊዘል ይችላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር ራስዎ ያመሳክሩ። ድንበር የሚያሻግሩት ከሆነ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ትራንዚተርዎን ይጠይቁ፤ ያገለገለ ማሽን የሚቀረጥበት መንገድ ከሀገር ሀገር ይለያያል።

ማሽኑ የማይሠራው ሥራ

መክተፊያ ዛፉን አያጠፋም። ከመሬት በላይ የተቆረጠ ፕሮሶፒስ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከሥሩ አንገት በታች ተቆፍሮ መቆረጥ አለበት። ማሽኑ ዘሩን ሁሉ እንደሚፈጭም አይቁጠሩት። ፍሬ ያንጠለጠለ ቅርንጫፍ ከትፈው ፍርፋሪውን ወደ ሌላ ግቢ ቢወስዱ ዛፉን ተከሉት ማለት ነው። ማሽኑም ከቦታ ቦታ ከመሄዱ በፊት ተጠርጎ ይጽዳ።

ፍርፋሪው መኖ አይደለም። የእሾህ ስብርባሪ ስላለበትም ለእንስሳ መኝታ አይነጠፍ፤ ለማገዶ ይዋል። ፍሬውን ለመኖ የሚፈልግ ዘሩን በሚያደቅ የመዶሻ ወፍጮ አስፈጭቶ ከሌላ መኖ ጋር ይቀላቅለው። ሳይፈጭ የተበላ ዘር ከፋንድያ ጋር ወጥቶ ይበቅላል። ፍሬው ብቻውን ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲሰጥ ደግሞ የከብትና የፍየል መንጋጋ ጡንቻን የሚያዳክም በሽታ ያመጣል።

እንግዲህ ለግዢ ሲሄዱ መካኒክና ደረቅ እንጨት ይዘው ይሂዱ። ሻጩ «አታስነሳው፣ ደህና ነው» ካለዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ። አፉ ሳይታይ፣ ሳይራመድ በሬ እንደማትገዙት ሁሉ ይህም ያው ነው።