ልጆችን ስለ ተክል ሕይወት ስለ ማስተማር

በመስከረም መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ ግራና ቀኙን የኑግ አበባ ለብሶ ያገኘዋል። ልጆችም ከመኪናው መስኮት እየተመለከቱ «ይህ ሁሉ አደይ አበባ ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ሁለቱም ከሱፍ ወገን ናቸውና። አባት ግን «ኑግ ነው» ብሎ ዝም ቢል ትምህርቱ ከመንገድ ቀረ። ይልቅስ መኪናውን አቁሞ ልጁን ወደ እርሻው ዳር ሊያወርደውና የንቡን መመላለስ ሊያሳየው ይገባል። የኑግ አበባ በገዛ ራሱ ብናኝ እምብዛም ፍሬ አይዝም፤ ንብ ከሌላው ኑግ ብናኝ ይዞለት ሲመጣ ነው ዘር የሚቋጥር።

የቡቃያውን ነገር ለማሳየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእናቶቻችን ጓዳ ጥንትም ትምህርት ቤት ነው፤ ለጠላው ብቅል ሲበቅል፣ በጾምም በቆልት ሲዘጋጅ ልጆች በአጠገቡ ይውላሉ። ጥቂት የባቄላ ፍሬ በብርጭቆ ውስጥ፣ በመስተዋቱና በእርጥብ ጥጥ መካከል ቢያኖሩለት፣ ልጁ ሥሩ አስቀድሞ ወደ ታች፣ ግንዱም ኋላ ወደ ላይ ሲሄድ በዓይኑ ያያል። ብርጭቆው በጎኑ ቢጋደም እንኳ ሥሩ ዞሮ ወደ ታች ያቀናል።

እኛ ወላጆች የምንስተው መጨረሻውን ነው። በግቢያችን የተዘራው ባቄላ ቅጠሉ ጠቁሮ መድረቅ በጀመረ ጊዜ፣ ዓይን የሚያስከፋ ሆነ ብዬ አትክልተኛው እንዲነቅለው አዘዝሁ። ማታ ልጄ የተነቀለውን ይዞ መጣና «ውሃ ስላላጠጣሁት ነውን የሞተው?» ብሎ አለቀሰ። መወለዱንና ማደጉን አሳይቼው ነበር፤ መድረቁ ግን የባቄላው ሥራ መፈጸሚያ እንደ ሆነ፣ በጠቆረው ልባስ ውስጥም የሚመጣው ዓመት ዘር እንዳለ አልነገርሁትም ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ አድርጎት ሰንብቷል።

ኋላ ወደ አምቦ በሄድን ጊዜ በጥቁር እንጭኒ በኩል ወዳለው የእንሰት ጓሮ ወሰድሁት። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ካፈራም በኋላ የሚሞት ተክል ነው። ገበሬው ግን ፍሬውን አይጠብቅም፤ ገና ሳያብብ ይቆርጠውና የአሚቾውን እምብርት አውጥቶ በአፈር ይቀብረዋል፤ ከዚያም ከተቀበረው ዙሪያ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ልጄ ይህን በሰማ ጊዜ ጓሮውን ዞሮ እያየ «ታዲያ እናቲቱ የትኛዋ ናት?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አላገኘሁለትም።

በሚቀጥለው ዓመት ባቄላውን ማንም አልነካብንም። ደርቆ በቆመ ጊዜ ልጁ በገዛ እጁ ፈለፈለውና ሁሉንም ቆልተን እንድንበላው ለመነ። በዚህ ጊዜ ወላጅ ሊጸና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ የገበሬው ልጅ የሰኔው ዘር በቤት ተቀምጦ ሳለ ሳይጠግብ የሚያድርበት ጊዜ አለና፣ የእኛም ልጅ ነገ ዳኛ ወይም ሹም ሆኖ በዚያ ገበሬ ላይ ሲቀመጥ ይህን ሳያውቅ መቀመጥ የለበትም። ተከራክረን ግማሹን ቆላን፤ ግማሹንም በጨርቅ ቋጠረ። እስከ ሰኔ ድረስ በየሳምንቱ እየፈታ ይቆጥረው ነበር፤ አንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ ጐድሎ ቢያገኝ ቤቱን ሁሉ መረመረ።